በበርዎ ላይ ስለተሰቀለው የከባድ ሰው ሰሌዳ

ለክቡር አቶ ሠረቀብርሃን
የሐይቅ ዳር መዝናኛና የውኃ ስፖርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዲላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ስብሰባዎን ሁሉ ያለ ማጉረምረም ለሚሸከሙት ወንበሮችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ይህን የምለው ሰው ሁሉ እንዲህ ስለሚል ነው እንጂ፣ ደኅና መሆን ምን ምን እንደሚል ከረሳሁት ቆይቻለሁ። ይሁንና ደብዳቤ በጤና ይጀመራል፤ እኔም ጀምሬያለሁ።

አምሃ ፈለቀ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ዳቦ ቤት ባለቤት ነኝ፤ ክብደቴም መቶ ሠላሳ ኪሎ ነው። ክቡርነትዎ በአካል ያውቁኛል፤ በቢሮዎ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም እንድናልፍ ወደ ኋላ ተመልሰው የጠበቁኝ ጊዜ አለና፣ ለዚያ ትሕትናዎ በይፋ ሳላመሰግን ቀርቼ ነበርና፣ ዛሬ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬ ስለ አንድ ሰሌዳ ነው። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው የሚያነበው ከሆነ እንዳይደናገር፣ ሰሌዳ የምለው ሰው ውኃ ላይ ቆሞበት፣ ረጅም መቅዘፊያ ይዞ የሚሄድበትን ነው። ከእነዚህም ውስጥ ነፋስን ከኋላ ይዞ ለመሄድ ተብሎ የሚሠራ ዓይነት አለ፤ ረጅምና ወፍራም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ሲያስነሳው እያንዳንዱ ሞገድ ከሥሩ ገብቶ ይገፋዋል፤ የቆመበት ሰው ሥራ መቆም ብቻ ይሆናል። እንደ እኔ ያለ ሰው ግን ያገኘው ሰሌዳ ላይ ሁሉ ሊወጣ አይችልም። ሰሌዳው እኔን ችሎ መንሳፈፉ አይበቃም፤ መንሳፈፍ ሌላ፣ መሄድ ሌላ ነው። እኔን ተሸክሞ አንገቱ ድረስ ውኃ ውስጥ የገባ ሰሌዳን ሞገድ አያነሳውም፤ ከላዩ አልፎት ይሄዳል።

አንድ የዳቦ ነጋዴ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ጠይቀውኛል። ያን ዕለት ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበረ አልመለስኩልዎትም፤ አሁን ልመልስ።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ማንጠግቦሽ አረፈች። ድንኳን ተተከለ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩ፤ ከጪጩም ከቡሌም ዘመድ መጣ፤ ሁሉም እጄን እየያዘ በርታ አለኝ። በረታሁ። በጣም ከመበርታቴ የተነሳ አላለቀስኩም፤ በሦስተኛው ቀን ሊጥ አቦካሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ይቸግረኛል፤ አዘንኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ማዘን እንኳ አልመጣልኝም። እበላለሁ፣ ጣዕሙን አላውቀውም። ሰው ሲቀልድ እስቃለሁ፣ ለምን እንደሳቅኩ አላውቀውም።

የዳቦ ቤቴ ደንበኛ የነበረ ባርኮት የሚባል መምህር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ያስተምራል፤ እንደ እኔው ግዙፍ ነው። ውጭ አገር ሲማር የገዛውን ረጅም ሰሌዳ ይዞ መጥቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ መቼም አብሮ የሚሄድ የኪሎ ጓደኛ አጥቶ ይሆናል፣ አባያ ዳር ይዞኝ ወረደ። ተንሳፋፊ ሰደርያ አለበሰኝ፤ አዞ እንዳይደፍረን ብሎ የዓሣ አጥማጆች ሞተር ጀልባ ከጎናችን እንዲሄድ አደረገ፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ ጀምሬ፣ ወድቄ፣ እንደገና ወጥቼ፣ በመጨረሻ ቆምኩ። ነፋሱ ከኋላዬ መጣ። ማንጠግቦሽ ሰልፍ በበዛ ቀን፣ ምድጃው ፊት ፈዝዤ ስታገኘኝ፣ በመዳፏ ጀርባዬን ገፋ ታደርገኝ ነበር። ልክ እንደዚያ ገፋኝ። ሰሌዳው ሄደ። እኔም እየሄድኩ፣ ዓሣ አጥማጆቹ እያዩኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ያ ስሜት ዲላ እስክንመለስ ድረስ አብሮኝ ነበር፤ ሲነጋ ጠፋ። ባርኮት ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ሰሌዳውንም ለጽሕፈት ቤትዎ በስጦታ ሰጠ። ሲሰጥም ከተማው ውስጥ ክብደት ያላቸው ሰዎች እንዲጠቀሙበት ብሎ በአፉም በጽሑፍም ተናግሯል። ክቡርነትዎ በዚያ ቀን ያደረጉት ንግግር ልብ የሚነካ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ የእኔ ልብ በጊዜው አልተነካም፤ ይህ ግን የንግግሩ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ ያን ሰሌዳ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ፍለጋ በርዎን ከረገጥኩ ጀምሮ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያ መዛኝዎን አመሰግናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ በእርዳታ ያገኛቸው አዳዲስ ሰሌዳዎች ስላሉት አሮጌ ስጦታ መጠየቄ ተገቢ እንዳልሆነ ተነግሮኝ፣ ከአዲሶቹ ትልቁ እስከ መቶ ሃያ ኪሎ እንደሚችል ተገለጸልኝና ወደ ሚዛን ተመራሁ። ሚዛኑ የቡና ሚዛን ነው። መዛኙ ጋዲሳም ዕድሜውን በሙሉ በየመረከቢያው እሸት ቡና ሲመዝን የኖረ፣ እጁ የለመደውን የማይስት ሰው ነው። ወጣሁ፤ መቶ ሠላሳ አነበበ። ከዚያም ለጆንያው ይቀነሳል ጋሼ፣ አለኝና ስለ ልብሴ ቀነሰ። ጠዋት ዝናብ ጥሎ ስለነበረ ስለ እርጥበት ቀነሰ። ጫማዬን አይቶ ስለ ባዕድ ነገርም ቀነሰ። የተጣራ ክብደቴ መቶ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሆኖ ተመዘገበ፤ ማህተምም ተደረገበት። ሐኪሞች በዓመታት ያላወረዱልኝን በቆምኩበት አወረደልኝ። ሐይቁ ግን ማህተም ስለማያነብ፣ ሰሌዳው ከጉልበቴ በታች ያለውን አካሌን ይዞ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ለመዝናናት የመጣው ሕዝብም በዚያ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየኝ። ማፈር ይገባኝ ነበር። ብሞክርም አልመጣልኝም።

፪ኛ. ችግሩን ለመፍታት በክቡርነትዎ የተቋቋመው ኮሚቴ ሁለት ትንንሽ ሰሌዳዎችን በቃጫ ገመድ አጣምሮ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ለመሥራት ያሳለፈውን ውሳኔ በአድናቆት ተቀብያለሁ። ገመዱ ጠንካራ ነበር፤ የኮንጋ መንደር ሰው የገመደው ነውና ጥራቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን ቃጫ ውኃ ሲነካው እንደሚላላ ኮሚቴው ውስጥ ከነበሩት የእንሰት ልጆች መካከል አንድም ሰው ትዝ አላለውም። ነፋሱ እንደመጣ ቀኝ እግሬ በአንዱ፣ ግራ እግሬ በሌላው ሰሌዳ ላይ ሆነው ተለያዩ። ሁለቱም በየፊናቸው ሲሄዱ በመካከል የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ይህ ሙከራ በጽሕፈት ቤትዎ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ውጤታማ ተብሎ መቅረቡን በኋላ ስሰማ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር።

፫ኛ. ስለ ንብረት አጠባበቅ መመሪያዎ። ንብረት የወሰደ ተጠቃሚ ንብረቱን በወሰደበት ቦታ ራሱ ቀዝፎ እንዲመልስ የሚያዘው አንቀጽ የተጻፈው ለጥሩ ነገር እንደሆነ አልስተውም። ሆኖም ነፋስን ከኋላ ይዞ የሚሄድ ሰው ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ ማዶ ሲደርስ በመኪና ይመለሳል፤ የነገሩ ሁሉ ትርጉም ይኸው ነው። ይህን ሳስረዳ፣ እንግዲያው ነፋሱ እስኪዞር ማዶ ይጠብቁ ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሄዶ ያልተመለሰ ነገር ስጠብቅ ነው ዓመቱን የከረምኩት፤ ልምዱ አለኝ፤ ከጎኔ በጀልባ የሚሄዱት ዓሣ አጥማጆች ግን የማታ ሥራ አለባቸው።

፬ኛ. ክብደት ቀንሼ እንድመጣ፣ ለዚህም እስከ ቡሌ ዳገቱን በእግሬ እንድወጣ ስለሰጡኝ የአባትነት ምክር አመሰግናለሁ። ለአገልግሎት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የተመላለስኩት መንገድ ሲደመር ቡሌ አድርሶ ይመልሳል፤ ስለዚህ ምክርዎን ሳላውቀው ፈጽሜአለሁ።

፭ኛ. ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን የባርኮት ሰሌዳ የት እንዳለ ስጠይቅ ንብረት ክፍል አላውቅም አለ፤ ስፖርት ክፍል ለንብረት ክፍል አስረክቤአለሁ አለ። አንድ ቀን ከቢሮዎ ስወጣ ደክሞኝ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ቀና ስል ከጭንቅላቴ በላይ አገኘሁት። ነጭና አረንጓዴ ተቀብቶ «እንኳን ወደ ሐይቅ ዳር መዝናኛ ማስተባበሪያ በደኅና መጡ» የሚል ተጽፎበታል። በየጊዜው ከሥሩ ስገባና ስወጣ የከረምኩት እሱን ፍለጋ ነው።

መምረጥዎ ይገባኛል። ርዝመቱ ለጽሑፍ ይመቻል፤ ዝናብ አይጎዳውም፤ ከሩቅ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ለማግኘት ያየሁትን መከራ ያየ ሰው፣ በእውነትም በር ላይ ሊሰቀል የሚገባው ብርቅ ነገር ነው ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ በአካባቢያችን ሁሉ እኔን ተሸክሞ የሚሄድ ሰሌዳ እሱ አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ክንዴ ምድጃው በር ላይ ተለጥፎ ቀርቶ፣ ሽታው ሲመጣ ዳቦ ያረረ መስሎኝ ምድጃውን ከፍቼ ዳቦዎቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሒሳብ ተቀባዬ ሳምራ ጮኻ ነው ክንዴን ያየሁት። አላመመኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈርቻለሁ፤ ፈርቻለሁ የምለውም መፍራት እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው። አንድ ነገር እንዲሰማኝ የማውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በርዎ ላይ ሰቅለውታል።

የምለምነው ትንሽ ነው። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያውርዱልኝ። በሩ ባዶ እንዳይመስል የዳቦ ማውጫ ሰሌዳዬን አምጥቼ እሰቅልልዎታለሁ፤ እሱም ረጅም ነው፤ የሚፈልጉትን ይጻፉበት። እንግዳ ሁሉ በደኅና መምጣቱን በር ላይ በማቆመው ሰው በቃል ላስነግርም እችላለሁ።

ክቡርነትዎ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለመስጠት እንደማይቸኩሉ በመተማመን፣ በጽሕፈት ቤትዎ ሚዛን የቀለልኩ፣ በሐይቁ ሚዛን ግን የከበድኩ፣ በበርዎ ሥር በደኅና ስመጣና በደኅና ስመለስ የከረምኩ፣

አክባሪዎ
አምሃ ፈለቀ
ከዲላ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ደብዳቤውን ዘግቼ ሳለሁ፣ የበርዎን ጽሑፍ የጻፈው ሠዓሊ ሙሐሲን ዳቦ ሊገዛ መጣ። ሰሌዳው በገመድ የታሰረ መስሎኝ እንዴት እንደሚወርድ ብጠይቀው፣ ነፋስ እያወዛወዘ ስላስቸገረ በክቡርነትዎ ትእዛዝ በቆርቆሮ ሚስማር ከዳር እስከ ዳር ተበስቶ መመታቱን ነገረኝ። በእጄ የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩ። ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ በሕይወቴ ያልጮኽኩትን ጩኸት ጮኽኩ፤ ደንበኛው ሁሉ ወጣ፤ ሳምራ በሩን ዘጋች፤ እኔ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ማንጠግቦሽን እየጠራሁ እስኪመሽ አለቀስኩ። ሲመሽ የተቃጠለው ክንዴ ያመኝ ጀመር። አሁንም ያመኛል።

እስካሁን ያቀረብኩት ምስጋና ሁሉ ሽሙጥ መሆኑ ለክቡርነትዎ አይጠፋዎትም። ይህ አንዱ ግን የእውነት ነው፤ አመሰግናለሁ።

ባርኮትን በስልክ አግኝቼው ቀዳዳዎቹ ሊደፈኑ እንደሚችሉ ነግሮኛል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት መሰላልና ጉጠት ይዤ እመጣለሁ። ፈቃድዎን አልጠይቅም፤ መሰላሉን የሚይዝልኝ ብርቱ ሰው ብቻ ይመድቡልኝ። ክብደቴ መቶ ሠላሳ ኪሎ ነው፤ ምንም አይቀነስለትም።