ዝም ያለው መሣሪያው ነበር

ጥቅምት 8
ያ ጢማሙ ተማሪዬ ዛሬም ፍሬን እይዛለሁ ብሎ ነዳጅ ረገጠ። አጥር ጥሰን ልንገባ! "አስተማሪ፣ ደነገጥሽ እንዴ?" ይለኛል ደግሞ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። መንዳት እያስተማሩ ማርገዝ... ነገ ምርመራ አለኝ። ባሌ ከአሁኑ ስም እያማረጠ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው!

ጥቅምት 9
የልብ ምት የለም አለ ሐኪሙ። የአልትራሳውንዱን ስክሪን እንኳ ወደ እኔ አላዞረውም። "አዝናለሁ። ማህፀንሽ መጠረግ አለበት። ከነገ ወዲያ ነይ።"
አላለቀስኩም። ለምን አላለቀስኩም?

ጥቅምት 10
ታላቅ እህቴ መጣች። ገና ከበሩ ትእዛዝ።
"ተነሺ። ሌላ ቦታ ትታያለሽ።"
"ተይኝ።"
"ጨርቅ ስትገዢ እንኳ ሁለት ሱቅ ትጠይቂ የለ?"
ተናደድኩባት። ግን ባሌም ተከትሎን ሌላ ክሊኒክ ሄድን።
ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ! ክፍሉን ሞላው! ሐኪሟ ግራ ገባት፤ "ማነው የለም ያለሽ?" እህቴ፣ ያቺ ብረት፣ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። ባሌ የሐኪሟን እጅ ሳመ፣ ቀጥሎ የእኔን፣ ቀጥሎ ኮሪደር ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ሽማግሌ።
አለ! ልጄ አለ!

ጥቅምት 11
ለመጠረግ የተቀጠርኩት ዛሬ ነበር። እህቴ ባትመጣ ኖሮ... እንባዬ ገና ዛሬ መጣ።

ጥቅምት 15
እህቴ "ክሰሺ!" ባሌ "ልጃችን ተርፏል፣ ምን እንፈልጋለን? በደስታችን ላይ አመድ አንነስንስ።" ሁለቱም እውነት አላቸው። ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ብርቱካን እየላጠ አዳመጠኝ።
"መሣሪያ ይሳሳታል። ያ ብቻውን ሐኪሙን ጥፋተኛ አያደርገውም። ብልሽቱን እያወቁ ከሠሩበት ግን ሌላ ነው። ደግሞም... ልጁ ደህና ነው። ጉዳትዎ የቱ ነው ይሉናል።"
ጉዳቴ የቱ ነው? ሙሉ ሌሊት የሞተ ልጅ ተሸክሜ አደርኩ! ይሄ በሕግ ምን ይባላል?

ጥቅምት 17
ሐኪሙን ራሴ ሄጄ አነጋገርኩት። ልጁ እንዳለ ስነግረው መጀመሪያ "ተመስገን" አለ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ አንገቱን ደፋ።
"መሣሪያው ሰሞኑን ያስቸግር ነበር። ለአለቆቼ ነግሬያለሁ። ሌላ የለንም።"
"እያስቸገረ የለም አልከኝ?"
ፊቱን ወደ መሣሪያው አዞረ።
"ከእኔ በፊትስ? የለም ያልካቸው አሉ?"
ዝም። አይ ያ ዝምታ!
ስወጣ በዚያው ክፍል በር ላይ ሴቶች ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። በዚያው መሣሪያ ሊታዩ! ምን እንደነካኝ አላውቅም... "እህቶቼ፣ የለም ቢሏችሁ ሌላም ቦታ ታዩ!" ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።
ማታ ለባሌ ነገርኩት። "እንክሰስ" አለ።

ጥቅምት 19
ሆስፒታሉን ከሰስኩ! ጠበቃው ራሱ ጋለ። "ማወቃቸው ነው ጉዳዩ!" እያለ ጠረጴዛውን ይደበድባል።

ኅዳር 4
መሣሪያውን አነሱት! እህቴ ስልክ ላይ እልል አለች፤ ጆሮዬ ሊደነቁር!

ጥር 20
ልጄ ሲራገጥ ዋለ። ጠበቃው ቢሮ ወረፋ ላይ ነበርን፣ እኔና እህቴ። አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ሆዴን አየችው።
"የጮኸችው አንቺ ነሽ አሉኝ። እኔ ከአንቺ በፊት በመስከረም ነው የታየሁት። የለም አሉኝ... ተጠረግኩ።"
ምን ይባላል?
"ኖሮ ይሆን?" አለች። "ማን ይነግረኛል? ሌላ ቦታ ታዪ የሚለኝ ሰው አልነበረኝም።"
እህቴ ጠጋ ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻት።
አሁን ከሳሾቹ ሁለት ነን።