የበቅሎዋን ልጓም ማን ያዘ

«በቅሎዋ ከባለጉዳዩ ከክፍሌ ግቢ ወጥታ ወደ ገዥው ቤት ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ይህ ታናሽ ወንድሜ አምሀ በ1909 ዓ.ም. በችሎት ቆሞ፣ ምሎ የሰጠው ቃል ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርሁበትም።

እኔ ተክለወልድ፣ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፣ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 1923 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ተኝቼ እናዘዛለሁ። የታመመው ሳንባዬ ነው፤ አእምሮዬ ደኅና ነው። የሚጠራጠር ካለ የሚከተለውን አንብቦ ይፍረድ።

ፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ተማርሁ። ሰባት ዓመት ጠበቃ፣ አራት ዓመት ዳኛ፣ አሥራ አራት ወር በባቡሩ መስመር ያለች የአንዲት ወረዳ ገዥ ነበርሁ። ዳኛ ሳለሁ ባለጉዳዮች በላ ልበልሃ እየተባባሉ ምስክር የሚያፋጥጡበትን ልማድ ከችሎቴ አስወጣሁ። ጩኸት ብቻ መሰለኝ። «ምስክርን የሚጠይቅ ዳኛ ብቻ ነው፤ ምስክርም የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል» የሚል ደንብ ጻፍሁ፤ ኮራሁበትም።

ገዥ በሆንሁ ሰሞን አምሀ የሹመት ደስታ ብሎ በቅሎ አመጣልኝ። ከክፍሌ ገዝቶ፣ ልጓሟን በገዛ እጁ ይዞ፣ ከደጄ አሰራት። ክፍሌ ያን ጊዜ በእኔ ዘንድ ክርክር አልነበረውም። በዓመቱ በርስት ተከራክሮ ስለ ረታ ፈረድሁለት፤ በዚያው ክረምት ሞተ። የተረታው ወገን በመማለጃ ከሰሰኝ። አምሀ ለምስክርነት ቀረበ፤ ከላይ ያለውን ብቻ ተናገረ።

ተነሥቼ «አምሀ! ልጓሟን የያዘው ማን ነበር? በል ተናገር!» አልሁት።

ዳኛው እኔ ያስተማርሁት ሰው ነበር። «ጌታዬ፣ ምስክርን የሚጠይቅ ዳኛ ብቻ ነው። ደንቡ የርስዎ ነው» አለኝ።

ችሎቱ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «የፈረንሳይ ሕግ ጌታዋን ነከሰች!» ሲል ሰማሁት። «ያመጣት እርሱ ራሱ ነው» ብልም የተከሳሽን ቃል የሚያምን ጠፋ፤ ተሻርሁ። በወሩ በወንበሬ የተቀመጠው አምሀ ነው። እኔ ወዲህ ተሰድጄ የሰው ማመልከቻ እየጻፍሁ ኖርሁ።

ከአራት ዓመት በፊት አምሀ ለንግድ ወደ ጅቡቲ መጥቶ፣ ራስ ዲካ ከሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ተገናኘን። «ጋሼ፣ የዋሸሁት የቱ ነው? እስቲ አንድ ቃል ጥቀስልኝ» አለኝ፤ እየሳቀ። መጥቀስ አልቻልሁም።

ስለዚህ እንዲህ አዝዣለሁ።

መጻሕፍቴ ለጎረቤቴ ለአቶ ነጅሙዲን ይሁኑ። ሁለት ዓመት ስታመም ሳይጠይቀኝ የዋለበት ቀን የለም። «ፈረንሳይኛ አላነብ፣ ምን ላድርጋቸው?» ቢለኝ፣ «ስኳር ጠቅልልባቸው» ብየዋለሁ።

ያ ደንብ የተጻፈበት ወረቀት ከሬሳዬ ጋር ይቀበር። የኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላወርሰውም።

ይህ ቤት ለአበዛሽ ነው። የአምሀ ልጅ ናት፤ ያስታመመችኝ ግን እርሷ ናት። አባቷ ከዚህ በታች ያለውን ጥያቄ ሳይመልስ በዚህ ጣራ ሥር አይደር፣ ለቅሶዬንም አይቀመጥ።

ይህን ሳስጽፍ አበዛሽ እግሬን ይዛ «አባባ፣ ስለ እኔ ብለው ይህን ይተዉት፤ አባቴ እኮ ነው» አለች። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። «ጻፍ» አልሁት። ነፍስ አባቴ መምሬ ኃይለማርያምም «ልጄ፣ ነፍስህን አስብ፤ ይቅር በለው» አሉኝ። «አባቴ፣ ይቅር የምለውን ነገር መጀመሪያ ራሱ ይጻፍልኝ» አልኋቸው።

ለአምሀ ልጓሟን አውርሼዋለሁ። በቅሎዋ ድሮ ሞታለች፤ ልጓሟ ግን አሥራ አራት ዓመት ከራስጌዬ ተሰቅሎ ኖሯል። ከዚህ ኑዛዜ ግልባጭ ጋር በነገው ባቡር ወደ ድሬዳዋ ይላክለት።

ቃሌ ሲነበብ ሰምቼ ፈርሜአለሁ። እማኞቼ መምሬ ኃይለማርያም፣ በዓረብኛ ፊደል የፈረመው አቶ ነጅሙዲን፣ ጸሐፊው አቶ ዓይናለም ናቸው።

አምሀ፣ ደንቡን ዛሬ ሽሬዋለሁ፤ ምስክር የምጠይቀው እኔ ነኝ። በቅሎዋ ከክፍሌ ግቢ ስትወጣ ልጓሟን የያዘው ማን ነበር? በገዛ እጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ እስከ ጥር 30 ቀን 1923 ዓ.ም. ከመምሬ ኃይለማርያም እጅ አድርስ። እኔ ባልቆይ በመቃብሬ ላይ ያነቡታል። ቀኑ ካለፈ ይህንን ኑዛዜ አንተ ከምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሕዝቡ ሲወጣ ያነቡታል። የምፈልገው አንድ መስመር ነው፤ ስም ብቻ።