ሰላምታ የበዛበት መግቢያ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ከእብናት መጥታ የጓሮዬን ክፍል ተከራይታ የምትማረው እታገኝ ዛሬ ድርሰቷን አስነበበችኝ። ርእሱ «የትምህርት ጥቅም» ነው። እሷ ግን አንድ ገጽ ሙሉ ለመምህሩ ሰላምታ ታቀርባለች።

«ወደ ጉዳዩ ግቢ እንጂ!» አልኳት።

«እትዬ ይሙቱ! ሰው ሰላም ሳይል ሰተት ብሎ ይገባል እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። «በይ እናቴ፣ ለምን መማር እንደፈለግሽ ባጭሩ ንገሪኝ።»

«እናቴ ደብዳቤ በመጣላት ቁጥር አንብቡልኝ እያለች ጎረቤት ስለምትዞር ነዋ።»

«በዚሁ ጀምሪ» ብዬ ግንባሯን ሳምኳት።

ትምህርት ቤት ሳልሰዳት ሐሙሲት ለዳርኳት ልጄ ስንት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬአለሁ! ሁልጊዜ ሰላምታው ላይ እቀራለሁ። ዛሬ ሰላምታውን ትቼ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ብዬ ጀመርኩ።

ግን ማን ሊያነብላት ነው?