ከጅቡቲ የመጣ ቴምር

አቃቂ ቃሊቲ
ሰኞ፣ መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድህ ለጂራታ፣ ግንብ ቢለየንም ከሰፈራችን ላልወጣኸው ባለቤቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል ጂሬ? እኔና ልጅህ ደህና ነን። ከቤታችን አንተ ያለህበት ድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለሃያ ደቂቃ መንገድ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩት። ምን ላድርግ፣ ቅዳሜ ስንቅህን ይዤ መጥቼ ከበር ተመለስኩ። «በበሽታው ምክንያት ጠያቂ ለጊዜው አይገባም» አሉን። ሙህሲን፣ ያ በሩ ፊት ለፊት የጠያቂ ሞባይል የሚያስቀምጠው ባለሱቅ፣ «ስንቅና ደብዳቤ በር ላይ ይቀበላሉ፣ ጻፊለት» ብሎኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ይህን የሚያነብ ዘብ ካለ ለእሱም ጤና ይስጥልኝ። ያንብበው፣ ብቻ እንዳይስቅብን።

አንድ ነገር ልንገርህና ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ያህል ተቆጣ። ዳሲቱ ያለህበትን አውቃለች። ይኸው፣ አልኩት። ከሁለት ዓመት በፊት የተፈረደብህ ቀን እጄን ይዘህ «ልጄ እዚህ ግንብ ውስጥ እንዳለሁ እንዳትሰማ፣ ማይልኝ» ያልከኝ፣ እኔም የማልኩልህ ነገር በአንድ ምሳ ዕቃ ፈረሰ። እኔ አልነገርኳትም። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። እስካሁን ሳስበው ጆሮዬ ጭው ይላል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በሽታው አገራችን ገባ ተብሎ የዛሬ አሥር ቀን ዓርብ ከተነገረ ወዲህ ሰፈሩ የምታውቀው ሰፈር አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ተደብቆ ነው የሚሸጠው። የአከራያችን እናት ፌጦና ሎሚ በጥብጠው ግቢውን ሁሉ አጠጡት፤ እምቢ ያለውን «እንግዲያው ሂድና ሌላ ቤት ታመም!» ይሉታል። አዚዛ ባለፈው ሰኞ ጠዋት በክርኗ ሰላም ስትለኝ የገፈተረችኝ መስሎኝ እስከ ረፋድ አኮረፍኳት። አዚዛን ታውቃታለህ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለልጆቹ አብራኝ የምታበስለዋ፣ ሳቋ ከኩሽና እስከ ሰንደቅ ዓላማው የሚሰማው።

የዚያን ቀን ሦስት ትልልቅ ድስት ሩዝ በአትክልት ሠርተን ነበር። ልንጨልፍ ስንል ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ተስፋሚካኤል ስልካቸውን እንደያዙ ከቢሮ ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ተዘግቷል» አሉ።

«ምኑ ነው የተዘጋው ጋሼ?»

«ትምህርት ቤት። የእኛ ብቻ አይደለም፣ ያገሩ ሁሉ። ለአሥራ አምስት ቀን። ልጆቹን አሁኑኑ ወደ ቤት ልኩ፣ ነገ እንዳይመጡ።»

ልክ እንዲህ ነው የነገሩን፣ ልክ «መብራት ጠፋ» እንደሚባለው። ፈተና የለ፣ ደብተር መሰብሰብ የለ። ልጆቹ የፋሲካ ዕረፍት ቀድሞ የመጣላቸው መስሏቸው «ሆ!» እያሉ ጨፈሩ። የሰባተኛ ክፍሏ አስተማሪ ግን ጠመኔዋን እንደያዘች በረንዳው ላይ ደርቃ ቀረች። እኔም ጭልፋዬን ይዤ ደረቅሁ። መጀመሪያ የተናገረችው አዚዛ ናት።

«ሩዙስ?» አለች።

ዓለም ሲናወጥ ሰው ስለ ሩዝ ይጠይቃል? ጂሬ፣ እሷ ግን ልክ ነበረች። እዚያ ግቢ ውስጥ ከእኛ ድስት ሌላ ምሳ የማያውቅ ስንት ልጅ እንዳለ እኛ ነን የምናውቀው። «ነገ ካልመጡ ዛሬ ይዘው ይሂዱ» አልንና እየጨለፍን እናሲዛቸው ጀመር። ክዳን ያለው በክዳን፣ ጆግ ያለው በጆግ፣ ምንም የሌለው በፌስታል።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሰፈራችን ውሃ ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከአንተ ባዶውን የመለስኩትን ምሳ ዕቃ በትምህርት ቤቱ ሙቅ ውሃ ላጥበው ይዤው ሄጄ ነበር። አጥቤ ጠረጴዛው ላይ ደፍቼዋለሁ። ክዳኑ ላይ ያቺ ነጭ ፕላስተር እንደተለጠፈች፣ በእኔው ጽሕፈት «ጂራታ ቱፋ፣ ዞን 3»። አዚዛ ዕቃውን እንጂ ጽሑፉን መች አይታ። ሩዙን ሞልታ «ነይ አንቺ፣ ተራሽ ነው!» ስትል ከፊቷ የቆመችው ማን ትሁን? ዳሲቱ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የመጨረሻውን ድስት ከእሳት አወርዳለሁ።

ልጅህ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። የታክሲ ታፔላ፣ የሳሙና ወረቀት፣ ምን የማታነበው አለ። ሰልፉ ውስጥ የነበረችው ጓደኛዋ ሚራክል እንደነገረችኝ፣ ዳሲ በደስታ «የአባቴ ስም!» ብላ ጮኸች አሉ። ሚራክል ደግሞ አባቷ እዚያው ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ዘብ ነው።

«ይሄ እኮ የእስረኛ ስንቅ ዕቃ ነው» አለቻት። «አባቴ በየቀኑ ነው የሚፈትሸው። ዞን ማለት የሚያድሩበት ነው።»

«አባቴ ጅቡቲ ነው። ሹፌር ነው» አለች ያንተዋ።

«ታዲያ ምሳ ዕቃው ለምን ጅቡቲ አልሄደም?»

ሌላ ሰፈር ቢሆን ለልጅ ዞን 3 ምን ይነግረዋል? የእኛ ሰፈር ልጅ ግን ከፊደል ገበታው ቀድሞ የሚያጠናው ይህንን ነው። እኔ ሞኟ ይህን ረስቼ!

ስምንት ሰዓት ላይ ድስቱን አጥበን ስወጣ ከጎረቤት ልጆች ጋር የሄደች መስሎኝ ነበር። ቤት የለችም። ሱቅ የለችም። አከራያችን ጋ የለችም። ሚራክልን ደጃፏ ላይ አግኝቻት ይህን ሁሉ የነገረችኝ ያኔ ነው። ከኛ ወደ አንተ ለመሄድ ዋናውን መንገድ መሻገር እንደሚያስፈልግ ታውቃለህ፣ የከባድ መኪናውንም ብዛት ታውቃለህ። አንተን እዚያ ያስገባህ መንገድ ነው፤ ያ ሰውዬ መኪናህ ሥር የገባውም እዚያው መታጠፊያ ላይ ነው። ልቤ ምን እንዳሰበ አልጽፈውም። ጫማዬ ከአንድ እግሬ ወልቆ እየሮጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሙህሲን ነው።

«እህት ፈለቀች፣ አንድ ዕቃሽ እኔ ጋ አለ። ቁጥር ሰጥቻታለሁ፣ ነይና ተረከቢ።»

ያ ሰው ሲቀልድም ሰው ሳያስጨንቅ ነው። ስደርስ ሱቁ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ሙህሲን ለጠያቂ የሚሰጠውን የቁጥር ካርድ፣ በሌላው ምሳ ዕቃውን ጉያዋ አድርጋ። ማንንም ሳትጠይቅ የጠያቂ ሰልፍ ውስጥ ቆማ ነበር አሉ። የሚራክል አባት አይቷት እጇን ይዞ ሲያወጣት፣ «ተራዬን ሊያስወስዱብኝ ነው!» ብላ ጮኸችበት።

እንድታለቅስ ጠበቅኩ። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። ቀና ብላ አየችኝና፣

«እማዬ፣ ሩዙ እየቀዘቀዘበት ነው» አለችኝ።

ይህን ብቻ። አፈር ላይ ቁጭ አልኩ፣ ሙህሲን ውሃ አመጣልኝ። ምን ልበላት? «ዛሬ ሰዓቱ አልፏል፣ ቅዳሜ አብረን እንገባለን» አልኳት። አፌ እንዳመጣልኝ ቃል ገባሁ።

ማታ ጥያቄው ወረደብኝ። ምን አጠፋ? መቼ ነው የሚወጣው? ይመቱታል? አደጋ እንደሆነ፣ ሰው ለመጉዳት እንዳላሰብክ፣ ለሞተው ሰውዬም ሁልጊዜ እንደምታዝን ነገርኳት። እንደማይመቱህ፣ አመክሮ ከተያዘልህ ክረምት ላይ እንደምትወጣ ነገርኳት።  ከዚያ፣

«ቴምሩንስ ማነው የሚልከው?» አለች።

ያ «አባትሽ ከጅቡቲ ላከልሽ» እያልኩ በየበዓሉ የምሰጣት ቴምር! ከሙህሲን ሱቅ እንደምገዛው፣ አንተን ጠይቄ ስመለስ መንገዴ ላይ እንደሆነ ነገርኳት። «እህ» አለች፣ ልክ እንደ እናትህ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን ስታስብ ከረመች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አሳጠበችኝ፣ «አባዬ ትምህርት ቤት እንደምሄድ ይየኝ» ብላ። እሱም ተዘግቶ ሳለ! ቅዳሜ ጠዋት ያንን ለብሳ በሩ ላይ ስንደርስ የሆነውን ነገርኩህ። ዘቡ ሲመልሰን አንጋጣ አየችውና፣

«የኛም ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የእናንተ ደግሞ ለስንት ቀን ነው?» አለችው።

ሊስቅ ሲል ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። «አላውቅም የኔ ልጅ» አላት። እሷ አላለቀሰችም፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። በስድስት ቀን ውስጥ ሁለት በር ሲዘጋባት፣ አንዱ ገና መኖሩን ባወቀች በሳምንቱ፣ ይህን ምን ብዬ ላስረዳት?

ስለ ሥራዬ አታስብ። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ለምግብ ሠሪ የሚከፈል ደመወዝ የለም፣ ግን አሥራ አምስት ቀን ምን አላት። አዚዛም ትመጣለች፣ እንስቃለን። ጾሙ ደግሞ በደህና ጊዜ ነው የመጣው፤ ዳሲ «አንቺስ ለምን አትበይም?» ስትለኝ «እስከ ዘጠኝ ነው የምጾመው» እላታለሁ። አንተ ብቻ እጅህን ታጠብ። ተፋፍጋችሁ እንደምትተኙ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙር።

አሁን ወደ ምሳ ዕቃው። ከላይ ሽሮ ነው። ከሥር በወረቀት የተጠቀለለውን ሳትከፍት ይህን አንብብ። ትናንት ዳሲ ብቻዋን ላለመሄድ እኔን ጎትታ ሙህሲን ሱቅ ወሰደችኝ። መደርደሪያውን በጣቷ አሳይታ «ከዚያኛው» አለችው። ቴምር። ሙህሲን ብሯን አልቀበልም ብሎ ተጣሉ፣ በመጨረሻ እሷ አሸነፈች። ቤት ስንገባ በደብተሯ ወረቀት ጠቀለለችው። ከዚያ አጠገቤ መጥታ በጆሮዬ፣

«እማዬ፣ እንደማውቅ ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ያፍራል። ‹ዳሲቱ ከጅቡቲ ልካልህ ነው› በይው፣ ይስቃል» አለችኝ። «ማይልኝ» አለችኝ።

ለአንተ ምዬ እሷን ሁለት ዓመት ዋሸኋት። ለእሷ ምዬ ደግሞ አንተን ልዋሽ? አቅቶኛል ጂሬ፣ ይቅር በለኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ቅደደው። ቴምሩን ብላ። መልስ ስትጽፍ ግን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፍላት፣ በራስህ እጅ። ምን ብለህ እንደምትጽፍላት አላውቅም፣ እሱን ላንተ ትቻለሁ። ብቻ ከየት እንደምትጽፍላት ንገራት።

የገባህበት በር በጤና ያስወጣህ። ያንተም የእኛም ጓዳ ከክፉ በሽታ ይሰወር። ለሞተው ሰውዬ ቤተሰብም እግዜር መጽናናትን ይስጥ፣ እሱን ሳንል ለራሳችን መለመን አይሆንልኝም።

ያንተዋ
ፈለቀች

ፕላስተሩን ቀይሬዋለሁ። አዲሱን የጻፈችው እሷ ናት፣ ጽሕፈቷን አስተካክላ፣ ስምህንም ዞንህንም አንድ ፊደል ሳትስት።