ፈርናን በወጥ ቤት በኩል ወደ መቃብሩ ስላለፈበት ቀን

ለክቡር ከንቲባ ሬጃን ቡዋቬር
ሴንት-አልድጎንድ፣ ኩቤክ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ የተከበሩ ቤተሰብዎም፣ በየዓመቱ የሚያሸልምዎ የጽጌረዳ አትክልትዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ለሠላሳ አንድ ዓመት ኦርጋን የተጫወትኩት ጂስሌን ፓኬት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ የመቶ አርባ ዓመቱን ቤተ ክርስቲያን የሞንትሪያሉ ባለሀብት አቶ ሎይክ ቤርቲዮም ቪላ እንዲያደርጉት ስለፈቀዱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኛ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ከመደርደር ያለፈ ሐሳብ አልነበረንም፤ የመሠዊያው ቦታ ለወይን ጠጅ መደርደሪያ እንዲህ ይስማማል ብሎ ማን ገመተ?

ሁለተኛ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው መቃብር ስፍራ በሚወስደው ብቸኛ መንገድ ላይ የሦስት መኪና ጋራዥ እንዲሠራ ስላጸደቁ አመሰግናለሁ። ባመለከትን ጊዜ ጽሕፈት ቤትዎ «ከሙታን በኩል የቀረበ ቅሬታ የለም» ብሎ የሰጠን መልስ እጅግ አጽናንቶናል።

ሦስተኛውን ግን መተረክ ግድ ይለኛል። ባለፈው ወር ደወላችንን አርባ ዓመት የደወለው ፈርናን ሌቬስክ አረፈ። ጸሎቱ በጎረቤት መንደር ተደርጎ፣ ሣጥኑን ተሸክመን ስንመጣ ጋራዡ በር ላይ ቆምን። አቶ ቤርቲዮም በጋዋን ብቅ ብለው፣ «ይቅርታ፣ ዛሬ እንኳ እንግዶች አሉብኝ» አሉ።

«እኛም እንግዳ ይዘን ነው የመጣነው፣ ልጄ» አለቻቸው የፈርናን ሚስት ኢቬት፤ «የእኛው ግን ተመልሶ አይሄድም።»

ሰውዬው በኀፍረት ቀልተው የቤታቸውን ትልቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ፈርናንም በሳሎኑ ገብቶ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛና በፍሪጁ መካከል እንደምንም ተሹለክልኮ አለፈ። እንግዶቹ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ተነሡ። እኔም የእግራችን ኮቴ በዚያ ጣሪያ ሥር እንደ ድሮው ሲያስተጋባ ብሰማ አላስቻለኝምና መዝሙር ጀመርኩ፤ ሁሉም ተቀበሉኝ። አንዱ ተሸካሚ ሲደክም አቶ ቤርቲዮም ከነጋዋናቸው ትከሻቸውን ሰጡ። ከቀብር መልስም አይብና ወይን አቀረቡልን፤ ኢቬት ከሐዘኗ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

እሳቸው በማግስቱ «ጋራዤ ይፍረስልኝ» ብለው አመልክተዋል። ለማሠራት በሁለት ቀን የፈረመው ብዕርዎ፣ ለማፍረስ ሲሆን ሦስተኛ ሳምንቱን መያዙ ከጥንቃቄ ብዛት እንደሆነ አልጠራጠርም።

የብዕርዎን መንቀሳቀስ በታላቅ አክብሮትና በማያልቅ ትዕግሥት የምጠባበቅ፣
ትሑት አገልጋይዎ
ጂስሌን ፓኬት

ማስታወሻ፦ በመጪው ኖቬምበር የከንቲባ ምርጫ አለ። ድምፅ እንሰጥበት የነበረው የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አሁን የእንፋሎት መታጠቢያ ሳውና ስለሆነ፣ ወዴት እንደምንመጣ ቢያስታውቁን፤ ዘንድሮ የሚቀር ሰው የለም።