የመጨረሻውን መስመር ስለሚውጠው መስኮት

ለተከበሩ ወይዘሮ ዴላኒ ክሮስ
የፔጅሎፍት የጽሑፍ ፕሮግራም የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ

አስቀድመው ሊረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እኛ የሰሜን ሚኒሶታ ሰዎች «ምንም አይል» ስንል ደስ ብሎናል ማለታችን አይደለም። ጎረቤታችን ሩድ በረዶ ጣሪያውን ደርምሶበት እንዴት ነህ ብንለው የመለሰው ይህንኑ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም ዓይንዎ የበራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ባለቤቴ ሄልሚ የብረት ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናት። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ሐኪሟም በረዶው ሳይቀልጥ ማንበብ እንደምታቆም ነግሯታል። ስለዚህ ስለ አባቷና ስለ መንደራቸው የምታስታውሰውን ለልጅ ልጆቻችን እየጻፈች ነበር። ፊደሉን በጣም አተልቃ ስለምትጽፍ፣ የፕሮግራማችሁ መስኮት ስክሪኑን ካልሞላ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይዝም።

አንደኛ፤ የማስፊያውን ቁልፍ ስትጫን መስኮቱ ይሰፋል፤ የታችኛው ጠርዙ ግን ከስክሪኑ ግርጌ በተደረደሩት የፕሮግራሞች ምልክቶች ሥር ይገባል። የሚሰወረው የመጨረሻው መስመር ነው፤ ሰው ደግሞ የሚጽፈው እዚያው ላይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦሜትሪ ሳስተምር አራት ማዕዘን አራት ጎን ያስፈልገዋል እያልኩ ነበር፤ ሦስት እንደሚበቃው ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሁለተኛ፤ ሠራተኛዎ ብራይስ በስልክ «ጌታዬ፣ እኛ ጋ እኮ ሰፍቷል ነው የሚለው» አለኝ። እኛ ጋ ግን አይታይም ስለው፣ «እስቲ ፊደሉን ያሳንሱት» አለ። የባለቤቴን ዓይን ነገር ሳስረዳው «ታዲያ ካላየች፣ መስመሩ ቢደበቅ ምን ለውጥ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ሄልሚ ከጎኔ ሆና ሰምታ «ኤይኖ፣ ተወው በቃ፤ መስኮቱን እሱ አልሠራውም» አለችኝ። በመጨረሻም ትልቅ ስክሪን እንድንገዛ መከረን፤ ገዛን። መስኮቱም አብሮ አደገና ግርጌውን እንደ ቀድሞው ሸሸገ። በአቋም መጽናት ያስከብራል።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ሄልሚ አባቷ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ የቀረበትን ቀን ጻፈች። መስመሩ ስለማይታያት ጣቷ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ መንሸራተቱን አላወቀችም። ገጹን ስመለከተው አንድም የሚነበብ ቃል አልነበረውም። እያንዳንዱን ፊደል አንድ ቁልፍ ወደ ግራ እየመለስኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «ግማሹን ቀን የጻፍኩት ይሄን ነው? በቃኝ፣ ዝጋው» አለች። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም።

በማግስቱ ከእናንተ ቢሮ ተደውሎ አገልግሎቱ እንዴት እንደነበር ተጠየቀች። ሰው ማስቀየም የማትወደው ባለቤቴ «ምንም አይል» አለች። እናንተም «ደንበኛዋ ረክታለች» ብላችሁ ጉዳዩን ዘጋችሁት። የመዝጋት ፍጥነታችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

ያን ጉዳይ መልሰው እንዲከፍቱልኝ፣ መስኮቱም ግርጌው ድረስ እንዲታይ የሚያደርግ ባለሙያ እንዲመድቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። በትዕግሥት ስላነበቡኝ፣ ካነበቡኝ ማለቴ ነው፣ የማይነጥፍ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ኤይኖ ላክሶ
ጡረታ የወጣ የጂኦሜትሪ መምህር

ማሳሰቢያ፦ እንደገና እንድትጽፍ ላባብላት የምችለው እናንተ መልስ ስትሰጡኝ ብቻ ነው፤ ዓይኗ ደግሞ የቢሮ ሰዓታችሁን አይጠብቅም። እባክዎ በዚህ ሳምንት ይመልሱልን። በትልልቅ ፊደላት ይጻፉት፤ የምታነበው እሷ ናት።