የሱዳን ሰሞን ደቦ

ኅዳር 15፣ ጠዋት
ጠላው ደርሷል፤ ሁለት ጋን። ዐርብ የጤፍ አጨዳ ደቦ አለብኝ። እንደ አምናው ለሠላሳ አጫጅ ጠምቄ፣ ዛሬ ስቆጥር አጫጅ የለም! ባለቤቴን ጨምሮ ወንዱ ሁሉ ሱዳን ሰሊጥ አጨዳ ነው። አምበር ገበያ እንኳ የቀን ሠራተኛ ጠፍቷል። እኔ ሞኝ። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ባለቤቴን ሂድ፣ ጤፉን እኔ አስገባዋለሁ ብዬ የላክሁት ራሴ ነኝ። ቃሌን ካጠፍኩ ከርሞ በምን አፌ ሂድ እለዋለሁ?

ኅዳር 17፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ደብተሬ፣ ጽሕፈቴን አትታዘቢኝ፤ ቀኑን ሙሉ ማጭድ የጨበጠ እጅ ነው። ታጨደ! ተከመረ!
ጠዋት የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ። ሳቄም እንባዬም መጣ። ቀጥሎ ከወንዙ ማዶ ያሉት እማማ ጥሩዬ የሟች ባላቸውን ማጭድ ይዘው ከች። ሦስቱም ልጆቻቸው ሱዳን ናቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ታደሰ፣ ሴት ነዶ ትሰብስብ እንጂ ማጨድ አታውቅም አሉ። እማማ ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ። ይህን ያዩ ሴቶች ማጭድ ፍለጋ ወደየቤታቸው ሮጡ። አሥራ ሁለት ሆንን። አያ ታደሰ በእኛ ላለመቀደም ላባቸው ጠብ እስኪል አጨዱ! ጾም ነው፣ ሽሮ አበላሁ። አንድ ጋን ጠላ እንዳለ ተርፏል። እግ/ር ይመስገን።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ
ሌሊት ዘነበ። ክምሬ ደህና። ባለቤቴ ደወለ፤ የእማማን እግር ሳሚልኝ አለ። ልስም ሄድኩ። ማሳቸውን ሳይ ደነገጥሁ። አንድ ነዶ አልታጨደም፤ ጤፋቸውን ዝናቡ አስተኝቶታል። አፈርኩ። ለደቦዬ ስጠራቸው የእሳቸው ማሳ ትዝ እንኳ አላለኝም። ለምን ደቦ አልጠሩም አልኳቸው።
«ሰው ጠርቶኝ ቀርቼ አላውቅም፣ ልጄ። ለመጥራት ግን ጠላ የምጠምቅበት አቅም አጣሁ» አሉ።

ኅዳር 20፣ ማለዳ
ነገ ማርያም ናት፣ ሥራ የለም። ስለዚህ ዛሬ። ያ የተረፈው ጠላ ትናንት በእንስራ እየተቀዳ ወንዙን ተሻገረ። ደቦውን በእማማ ስም ጠራሁ። አያ ታደሰ ማጭዳቸውን ስለው ከሁሉ ቀድመው በራፌ ቆመዋል።
ወስኛለሁ። የሱዳን ሰሞን በመጣ ቁጥር የእማማ ማሳ ይቀድማል፣ የእኔ ይከተላል። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፤ ለሠላሳ አጫጅ፣ ሰው ይኑር አይኑር። አያ ታደሰ እየተጣሩ ነው፣ ማጭዴን ላንሳ።